ጳጉሜ 3 የተወለደችው ልጅና የእኔ ፓስወርድ

ዛሬ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ነው። ጉርድ ሾላ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ የግቢያችን ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየጮሁ ይጠመቃሉ። እኔ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ታቅፌ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ስጀምረውና ስሰርዘው የነበረውን ነገር ልጨርሰው ተቀምጫለሁ። ረጅም ነው፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ልናዘዝ። በታኅሣሥ 2015 የትምህርት ቤታችንን ዳታቤዝ ፓስወርድ የቀየርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ምክንያት የ20 ወር የተማሪ ውጤት ጠፋ። ጥፋቱ የተጻፈው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። እኔም ስብሰባው ላይ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የተማራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ኮሜንት ላይም እንዳትጽፉት አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 አንድ የቀድሞ ተማሪያችን፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ የተማሪ መዝገብ ሲስተም በነጻ ሠርቶልን ነበር። ማይኤስኪውኤል 5.1፣ ሬከርድ ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ዴስክቶፕ ላይ። ስም፣ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የየሴሚስተሩ ማርክ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ልጁ ብልህ ስለነበር ባክአፕም አዘጋጅቶልን ሄዷል፦ ዴስክቶፑ ላይ «ባክአፕ» የምትል አንዲት ምልክት አለች፤ ፍላሹን ሰክተህ እሷን ሁለቴ ትጫናለህ፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ፍላሹ ላይ በቀኑ የተሰየመ ፋይል ታገኛለህ። በቃ። ይሄን ሥራ ሬከርድ ቢሮ የሚሠሩት እናታችን (ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ እትዬ ብቻ ልበላቸው) በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ያለማቋረጥ ሲሠሩት ኖረዋል። መብራት ከሌለ ብቻ ነው የሚዘሉት።

እኔ ደግሞ ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ዳታቤዝ የተማርኩት አንድ ሴሚስተር፣ ያውም በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። (ዲግሪውን ለምን እንዳቋረጥኩ ሌላ ፖስት ይወጣዋል።) በ2015 ታኅሣሥ ላይ ዳታቤዙ ጭራሽ ፓስወርድ እንደሌለው አየሁ። የላብ ኮምፒውተሮች ከሬከርድ ቢሮው ጋር በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ናቸው። የኔን ተማሪዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ማርክ ለመቀየር ሌሊቱን የማያድር ልጅ የለም። ስለዚህ ፓስወርድ አደረግሁበት፣ ሲስተሙም አዲሱን ፓስወርድ እንዲያውቅ አስተካከልኩ፣ ሲከፈት አየሁ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ያቺን ባክአፕ የምትወስድ ምልክት ግን ረሳኋት። እሷ አሁንም ያለ ፓስወርድ ነበር የምታንኳኳው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቡት። ዓርብ ይደርሳል፣ እትዬ ፍላሹን ይሰካሉ፣ ጥቁሩ መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መስኮቱ ውስጥ «መግባት አልተፈቀደልህም፣ ስህተት 1045» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግን ሰው አንብቦት ሳይጨርስ ይዘጋል። ፋይሉስ? ፋይሉ ይፈጠራል! ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ባዶውን ፋይል ከፍቶ ነው ይዘቱን የሚጠብቀው፤ ይዘቱ ካልመጣ ባዶውን ዘግቶ ይተወዋል። ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ መጠኑ ግን ዜሮ ኪሎባይት።

ማክሰኞ ነሐሴ 14፣ 2016 መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፑ አልነሣም አለ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። መገናኛ ወስጄ ሁለት ኮምፒውተር ቤት አሳየሁት፤ ሁለተኛው ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠውና «ወንድሜ፣ ባክአፕ የላችሁም?» አለኝ። «አለን» አልኩ በኩራት።

ማታ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። መብራት ያልነበረባቸው ዓርቦች ሲቀነሱ 79 ፋይል፣ ሁሉም ዜሮ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ስመጣ ይዘት ያለው የመጨረሻው ፋይል የታኅሣሥ 14፣ 2015 ነው። ቀኑን ሳየው ክው አልኩ። ፓስወርዱን የቀየርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለዳይሬክተሩ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ያለንን ባክአፕ ለመመለስ እየሞከርኩ ነው» አልኩት። ሁለቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር፤ እንዲህ ያለ እውነት ደግሞ አለ።

ሰኞ ነሐሴ 20 ልጅቷ መጣች። በ2014 ከኛ ዘንድ 12ኛ ክፍል የጨረሰች ናት (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠቅስም)። የእሷ ባች ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን የተጀመረበት ነው፤ ጥቅምት 2015 ላይ። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሷም ከቀሪዎቹ ጋር ነበረች። ከ9 እስከ 12 ያለው የትምህርት ቤት ውጤቷ ግን በጣም ጥሩ ነው። ለአንድ ሥራ ልትወዳደር ትራንስክሪፕት ትፈልጋለች፤ ምዝገባው ዓርብ ያልቃል። «ቲቸር፣ ያለኝ ወረቀት እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

በጎው ነገር የእሷ ውጤት በሙሉ ከታኅሣሥ 2015 በፊት የገባ መሆኑ ነው። ማለትም የመጨረሻው ደህና ፋይል ውስጥ አለች። ፋይሉን መመለስ ብቻ ነው የቀረው። «ብቻ» ስል ግን አላወቅኩም ነበር።

ላብ ውስጥ የነበረኝ የማይኤስኪውኤል መጫኛ 5.7 ነው፤ እሱን ላፕቶፔ ላይ ጫንኩና ፋይሉን ሰጠሁት። ወዲያው ስህተት 1215፦ የውጭ ቁልፍ ማሰር አልተቻለም። ለማታውቁት በአጭሩ፣ የማርክ ሰንጠረዡ እያንዳንዱን ውጤት ከአንድ ተማሪ ጋር ያስራል፤ ፋይሉ ግን ሰንጠረዦቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሚያስገባው፤ ማርክ ከተማሪ ይቀድማል። ገና ካልተወለደች እናት ጋር ልጅን እሰር እንደማለት ነው። ይሄን ፍተሻ ለጊዜው አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። (አንድ ምክር፦ በየሙከራው ግማሽ የገባውን ዳታቤዝ ደምስሳችሁ ከባዶ ጀምሩ። ደግሞ በፋይሉ ቅጂ ላይ ሥሩ፣ ዋናውን አትንኩት።)

ሁለተኛው ላይ ፋይሉ ትንሽ ሄዶ ነው የቆመው። የቆመበትን ሳላየው በፊት የገባውን ልይ ብዬ የመምህራንን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። የራሴ ስም የለም። በስሜ ቦታ ኮፍያና ነቁጥ የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት ተደርድረዋል። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ የምታውቁ፣ ያንን ዝብርቅርቅ አስቡት።

እዚህ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። «አበበ» ሦስት ፊደል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ዘጠኝ ምልክት ነው። ሌላ ስም፣ አራት ፊደል፤ አሥራ ሁለት ምልክት። ሁልጊዜ ሦስት እጥፍ! የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ፊደሎቹ አልጠፉም፤ ኮምፒውተሩ አንዱን ፊደል ሦስት አድርጎ እያነበበው ነው እንጂ። ፋይሉ በምን አጻጻፍ እንደተጻፈ ከነገርኩት ይስተካከላል። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፦ ዝብርቅርቅ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ተስፋ አለ። ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን (????) ፊደሉ የለም፤ ኮምፒውተሩ ጥሎት በቦታው ጥያቄ ተክሏል፤ ከዚያ መመለስ አይቻልም። የኛ ዝብርቅርቅ ስለነበር እግዜር ይስጠው።

ለመሆኑ ለምንድነው ይሄ ሁሉ የደረሰብኝ? ሲስተሙን ለሠራው ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት፤ አሁን ውጭ አገር ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ መለሰ። «ቲቸር! ሰላም ነው? ያ ነገር እስካሁን ይሠራል እንዴ?» ከዚያ ሲያስታውስ፣ ያኔ ፍላሹ ትንሽ ስለነበር ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ባክአፕ ትእዛዙ ላይ «ኮምፓክት» የምትል አንዲት ቃል ጨምሯል። ያቺ ቃል ፋይሉ ራስና ግርጌ ላይ የሚጻፉትን መስመሮች ታስቀራለች። መስመሮቹ ጌጥ ይመስላሉ። ነገር ግን «የውጭ ቁልፉን ፍተሻ ለጊዜው አቁም» የሚለው እዚያ ነው፤ «ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 ነው» የሚለው እዚያ ነው፤ መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል» ብሎ የሚመሰክረውም እዚያ ነው። የቆጠበው ቦታ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም። ልጁን አልወቅስም፣ 22 ዓመቱ ነበር። እኔ ፓስወርዱን ስቀይር ከ30 አልፌያለሁ።

ያን ሌሊት ስፈልግ የጊትላብን ታሪክ አነበብኩ። ጊትላብ በዓለም ዙሪያ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31፣ 2017 አንድ ባለሙያቸው ማታ ላይ ደክሞት ሳለ ሌላ ሰርቨር የሰረዘ መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ፣ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ስሪቱ ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም ሲከሽፍ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ሳይደርስ ይቀር ነበር። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ልዩነታችን፣ እነሱ ጥፋታቸውን በዚያው ቀን ለዓለም ተናገሩ፤ የመመለሱን ሥራ ራሱ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ተደብቄያለሁ።

ወደ ሦስተኛው ስህተት። የጎደሉትን መስመሮች በእጄ ፋይሉ ራስ ላይ ጻፍኩ። ስሞቹ በአማርኛ ገቡ፣ ማርኮቹ ገቡ፣ የተማሪዎቹ ሰንጠረዥ ላይ ሲደርስ ቀጥ። ስህተት 1292፦ «0000-00-00» የተሳሳተ ቀን ነው። ለካ መጀመሪያም የቆመው እዚሁ ነው። አዲሱ ስሪት ጥብቅ ነው፣ ዜሮ ቀን አልቀበልም ይላል። የድሮው ይቀበል ነበር። ጥብቅነቱን ማላላት እንደሚቻል አነበብኩ፤ አላላሁት፤ ሁሉም ገባ። «ዜሮው ምንድነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ስህተቱ ጠፍቷል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሲስተሙ ራሱ ከዲስኩ ጋር ስለሞተ የልጅቷን ውጤት አወጣሁና ኤክሴል ላይ አስተካክዬ አተምኩ። ረቡዕ ማኅተም ተመትቶ ተሰጣት። አመስግናኝ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ተመልሳ መጣች። የሚመዘግበው ሰው ወረቀቱን መልሶላታል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ በጣቷ አሳየችኝ፦ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ እኮ አልተወለድኩም።»

የትውልድ ቀን፦ 0000-00-00።

በሬከርድ ቢሮ ደጅ ስናልፍ እትዬ የወረቀቱን ጉዳይ ሰምተው፣ «ጳጉሜ ነሽ እንዴ አንቺ?» አሏት። «አዎ፣ ጳጉሜ 3።» እትዬ መሳቢያቸውን ከፍተው ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «እምቢ ያላቸው» ተብሎ ተጽፎበታል። ከ2006 ጀምሮ ማሽኑ የትውልድ ቀናቸውን አልቀበል ያላቸውን ልጆች በሙሉ፣ ስም ከነቀኑ፣ ከወረቀት ፋይሉ እያዩ መዝግበዋል። ትራንስክሪፕት ሲታተም ሁልጊዜ ያቺን ቦታ በእጃቸው ነበር የሚሞሏት። እኛ ማንም አናውቅም።

ደብተሩን ሳገላብጥ ነው የገባኝ። የትውልድ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው የሚገባው፤ ዳታቤዙ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ነው። 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም፤ ስለዚህ ጳጉሜ የተወለደ ሁሉ ዜሮ ይሆናል። «ጥቅምት 30ስ? እነዚህን ምን አድርጉ ነው የሚለው?» አሉኝ እትዬ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ለእሱ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። እንዲያውም ጥቅምት 29 የተወለደ ልጅ በ1996 ከሆነ ይገባል፣ በ1995 ከሆነ አይገባም፤ 1996 ለ4 ስለሚካፈል። ይሄን ሳስረዳቸው እትዬ ሳቁ። «አሥር ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የተጣላ መስሎኝ!»

አዲሱ ስሪት «ይሄ ቀን ልክ አይደለም» ብሎ ሲጮህ እውነቱን ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ቆጠርኳቸው፤ ዜሮ የተወለዱ 37 ተማሪዎች። ሠላሳ አንዱ እትዬ ደብተር ላይ አሉ።

ልጅቷ ሐሙስ ከሰዓት አዲሱን ወረቀት ይዛ ሄደች፤ ዓርብ ተመዘገበች። ያን ሥራ አላገኘችውም። አሁን ሌላ ቦታ እየሠራች ማታ ትማራለች።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል፣ ምክንያቱም የምጠላው ክፍል ይሄ ነው። ጳጉሜን መምህራን ተሰብስበን የጠፋውን 20 ወር ከሮስተርና ከማርክ ሊስት እየገለበጥን ጻፍነው። አንዳንዱ ሮስተር ዝናብ ነክቶታል፣ አንዳንዱ መምህር ለቆ ሄዷል። በመካከሉ ስብሰባ ተጠራ። «ባክአፕ የሚወስደው ማነው?» ተባለ። ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። «በየዓርቡ ፍላሹን ሰክቻለሁ፤ ፋይሉም ገብቷል» አሉ። «ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ?» መልስ የላቸውም፤ ከየት ያመጡታል? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እኔ ከእሳቸው ሁለት ወንበር አልፌ ነበር የተቀመጥኩት። ስልኬን እያየሁ።

መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቢሯቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ፓስወርዱን፣ ጥቁሩን መስኮት፣ ሁሉንም። ይቅር የሚሉኝ፣ «ይሁን ልጄ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናቸውና። አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ «ያን ቀን ነበር እንጂ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተነሥቼ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ፤ ማስጠንቀቂያው ከፋይላቸው ወጣ፣ በኔ ፋይል ገባ። ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ይሄን አልሰማም። እትዬ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጡ፤ ሽኝቱ ላይ ኬክ ስንቆርስ አንድ ባልደረባዬ በቀልድ «ባክአፑን ያጠፉብን» ብሎ ተናገረ። ይሄን ፖስት የምጽፈው ስለዚያ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

አሁን ዳታቤዙ የትውልድ ቀንን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ በሦስት ቁጥር ይይዛል፤ ወሩ እስከ 13 ይሄዳል። «ኮምፓክት» የምትለዋን ቃል አውጥቻታለሁ። ጥቁሩ መስኮት ሰው ካልዘጋው አይዘጋም። ዓርብ ዓርብ ፋይሉን ላብ ውስጥ ባለች አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መልሼ አስገባዋለሁ፤ ከዚያ ሦስት ተማሪ በዘፈቀደ አውጥቼ ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ራሱ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ።

ከ37ቱ ስድስቱ እትዬ ደብተር ላይ አልነበሩም። አራቱን በስልክ አገኘኋቸው፤ ሁለት ቀርተውኛል፣ የተመዘገበው ስልክ አይሠራም። ሁለቱም ከ2008 እስከ 2011 ባለው ከኛ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ጳጉሜ ወይም ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተወለዳችሁ የዚያ ዘመን ልጆች ካላችሁ፣ ወይም የምታውቁት ካለ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስም እዚህ እንዳትጽፉ። ለጳጉሜ ልጆች ሁሉ፣ በተለይ ለዛሬዋ፣ መልካም ልደት።